ስለ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ድልና «አሸነፍን» ስለሚለው ቃል

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ አባቶቻችን፥ እኔም ይህን አጭር የታሪክ ጽሑፍ የምጀምረው ከአንድ ትንሽ ቃል ነው። ቃሉም የእግር ኳስ ደጋፊ ሁሉ የሚናገረው «አሸነፍን» የሚለው ነው። በሜዳው ውስጥ የሮጡትና የደከሙት 11 ሰዎች ሲሆኑ፥ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተመለከተውም፥ በቤቱ ሆኖ በራዲዮ የሰማውም፥ ጨርሶ ሳያይ ወሬው በማግሥቱ የደረሰውም፥ ሁሉም «አሸነፍን» ይላል። «አንተ የት ነበርህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ቡድኑ በተሸነፈ ጊዜ ግን ይኸው ሰው ቃሉን ለወጥ ያደርግና «ተሸነፉ» ይላል። ድሉ የእርሱ ነው፤ ሽንፈቱ ግን የእነርሱ ነው።

የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የታሪክ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ በተጠየቁ ጊዜ፥ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታቱና ስለ ግንቦቻቸው መጻፍን መረጡ። መልካም አደረጉ፤ ከተማችን በዚህ የታወቀች ናትና። እኔ ግን የመረጥሁት ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችበትን ቀን ነው። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፥ ይህ ድል በሁላችን አፍ ሲነገር እየሰማን፥ እንዴት እንደ ተገኘና በእነማን እንደ ተገኘ ግን ጥቂቶች ብቻ ስለምናውቀው ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ የግሌ ነው፤ አንድ ቀን «አሸነፍን» ብዬ በጮኽሁበት ሌሊት ያደረግሁት ነገር እስከ ዛሬ ስለሚያሳፍረኝ ነው። ይህንን ወደ ኋላ እናገረዋለሁ። አስቀድሜ ግን ታሪኩን በቅደም ተከተሉ ላቅርብ።

ድል የሚጀምረው ከሽንፈት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በዚያው ከተማ ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም በመጀመሪያው ዙር የምትጋጠመው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስለ ነበረ፥ ሳትጫወት ለመጨረሻው ግጥሚያ አለፈች። ነገር ግን ሳይለፉ የደረሱበት ቦታ ብዙ አያቆምምና፥ ግብፅ 4 ለ0 አሸነፈችን። አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ የሚባለው መሐመድ ዲያብ አል አታር ነበር።

ሁለተኛው ውድድር በግንቦት ወር 1951 ዓ.ም. በካይሮ ተደረገ። እዚያም ግብፅ ዳግመኛ 4 ለ0 አሸነፈችን፤ ሱዳንም 1 ለ0 አሸነፈችን። እንግዲህ ሒሳቡን የሚወድድ አንባቢ ቢኖር ይደምረው፤ ኢትዮጵያ በሁለቱ ውድድሮች 3 ጊዜ ተጫውታ 9 ግብ ሲገባባት፥ እርሷ አንድም አላገባችም። በዚያን ጊዜ «ተሸነፍን» ያለ ደጋፊ ነበረን? ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ስለ 1954 ዓ.ም. የሚያወራ ሽማግሌ ግን በየመንገዱ አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ሽንፈቱን ካልረሱት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫዋች ነበሩ። ቡድኑ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያው ዓመት ጠላት አገራችንን ወረረ። የጣልያን መንግሥት የነጩንና የጥቁሩን ጨዋታ ለየብቻ አድርጎ ስለ ነበረ፥ የዚያ ዘመን ወጣቶች ኳስን የተማሩት በንቀት ዐይን እየታዩ ነው። ይድነቃቸውም በካርቱም ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች መካከል ተገኝተው፥ በኋላም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው፥ የዘር መድልዎን ሲቃወሙ የኖሩት ይህን በወጣትነታቸው ስላዩት ይመስለኛል። በ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝም እርሳቸው ነበሩ።

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወሰነ። የተካፈሉትም አራት አገሮች ነበሩ፤ እነርሱም ኢትዮጵያ፥ ቱኒዚያ፥ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናቸው። ግብፅ ሁለቱንም ያለፉትን ዋንጫዎች የወሰደች ስለ ሆነች፥ ሦስተኛውንም ይዛ እንደምትመለስ ብዙ ሰው ይገምት ነበር።

የውድድሩን ቀኖች ስመረምር አንድ ነገር ደስ አሰኘኝ። ይኸውም ውድድሩ የዋለው በጥምቀት ሰሞን መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ2 ያሸነፈችው ጥር 6 ቀን ነበር። ግብፅ ኡጋንዳን 2 ለ1 ያሸነፈችው ጥር 10 ቀን፥ ማለት በከተራ ዕለት ነው። ቱኒዚያ ኡጋንዳን 3 ለ0 አሸንፋ ሦስተኛ የሆነችው በጥምቀት ማግሥት ጥር 12 ቀን ነው። የዋንጫው ግጥሚያ የተደረገውም እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ በአዲስ አበባ ኳሱ ሲንከባለል፥ በእኛ ከተማ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መጠመቂያ ወርደው፥ ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ያጅባቸው ነበር ማለት ነው።

አያቴ በዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። እንዲህ ብለው ነገሩኝ፤ «እኛ ኳስ የምንለው ከአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለን በገመድ የምናስረውን ነበር። በአዲስ አበባ ጨዋታ መኖሩን ሰምተናል፤ በሠፈራችን ግን ራዲዮ ያለው ሰው አልነበረም። ጥምቀቱ አልፎ ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ አንድ የጭነት መኪና ከአዲስ አበባ መጣ። ሾፌሩ ገና ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ብቅ ብሎ ‹ግብፅን አራት ለሁለት› አለን። እኛ ልጆቹ መኪናውን ከብበን ‹ማን አገባ? ማን አገባ?› አልነው። እርሱም በጣቱ እየቈጠረ ነገረን።»

ሾፌሩ በጣቱ የቈጠረውን እኔ አሁን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጨዋታው የተደረገው በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ በነበረው የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ የመጀመሪያውን ግብ አገባ። የመጀመሪያው ግማሽ ጊዜም በዚሁ አለቀ። ከዕረፍት በኋላ ደቂቃው እያለፈ ሄደ፤ እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ ኢትዮጵያ አላገባችም ነበር። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባና አንድ ለአንድ ሆኑ። ነገር ግን ደስታው ገና ከሕዝቡ አፍ ሳይወጣ፥ በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ ሁለተኛውን ግብ አስቆጠረ። እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ ተስፋ ቈርጬ ከስታዲየሙ የምወጣው በዚያን ደቂቃ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። በካርቱምና በካይሮ የሆነው ሁሉ ወደ ሐሳቤ መምጣቱ አይቀርምና። ተጫዋቾቹ ግን አልወጡም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ፤ ሁለት ለሁለት ሆኑ።

መደበኛው ጊዜ በእኩልነት ስለ ተፈጸመ 30 ደቂቃ ተጨመረ። በ101ኛው ደቂቃ የአምበሉ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን ግብ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ 3 ደቂቃ ሲቀረው፥ በ117ኛው ደቂቃ፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ኢትዮጵያ 4፥ ግብፅ 2። መንግሥቱና ባዳዊ በውድድሩ ሦስት ሦስት ግብ በማግባት ከሁሉ በላይ ሆኑ። ዋንጫውን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእጃቸው ለአምበሉ ለሉቺያኖ ሰጡት።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆም እለምናለሁ። ከፍ ብዬ ያቀረብሁት የአያቴ ታሪክ ቀጣይ አለውና። ሾፌሩ «ሉቺያኖና ኢታሎ» ባለ ጊዜ፥ ልጆቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የአያቴ አባት በአርማጭሆ በአርበኝነት የቈዩ ሰው ነበሩ። ጎንደር ደግሞ ጣልያን በምሥራቅ አፍሪካ መጨረሻ የተሸነፈበትና ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠበት ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። አያቴም ወደ ቤት ሮጠው ገቡና ለአባታቸው ወሬውን ሲነግሩ «ነገር ግን ካገቡት ሁለቱ ጣልያኖች ናቸው» አሉ። አባታቸውም ፊታቸውን አጨለሙ። «ጣልያን ለእኛ ምን ብሎ ያገባል?» ብለው ራሳቸው ወደ ሾፌሩ ሄዱና ጠየቁት። ሾፌሩም «ጌታዬ፥ አባታቸው ጣልያን ነው እንጂ እናታቸው የአስመራ ሴት ናት፤ ያደጉትም በእርሷ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያስ የእኛ ልጆች ናቸዋ!» ብለው ለሾፌሩ ጠላ እንዲቀዳለት አዘዙ።

ይህች ታሪክ በቤታችን ብዙ ጊዜ ስለ ተነገረች እንደ ጨዋታ እሰማት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ትልቅ ነገር ሆና ታየችኝ። ሉቺያኖና ኢታሎ የጣልያን ወታደርና የኤርትራዊት እናት ልጆች ናቸው። ዋንጫውን በእጃቸው የሰጡት ንጉሥ በጣልያን ወረራ ምክንያት ተሰድደው የነበሩ ናቸው፤ የተቀበለው አምበል ደግሞ የጣልያን ስም የያዘ ሰው ነው። አንድ አርበኛ ያን ስም በሰማ ጊዜ መጀመሪያ ተቈጣ፤ በኋላ ግን «እኛ» የሚለውን ቃል ሰፋ አድርጎ ልጆቹን አስገባቸው። አርበኛውን ይህን ያስተማረው መጽሐፍ አይደለም፤ የኳስ ጨዋታ ነው።

ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር በዚያ ቀን የተጫወቱትንም በስማቸው መጥራት ተገቢ ነው። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፥ ክፍሎም አርአያ፥ አስመላሽ በርሄ፥ በርሄ ጎይቶም፥ አዋድ መሐመድ፥ ተስፋዬ ገብረ መድኅን፥ ጌታቸው ወልዴ፥ ግርማ ተክሌና መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ስሞቹን አንድ በአንድ ያነበበ ሰው፥ ይህ ቡድን ከአንድ መንደር፥ ከአንድ ቋንቋ ወይም ከአንድ ሃይማኖት የተሰበሰበ እንዳልነበረ ያለ አስተማሪ ይረዳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት በትምህርት ቤት ስንጽፈው ቈይተናል፤ እነርሱ ግን በሜዳ ላይ አሳዩት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ደስ የሚያሰኝ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ዳግመኛ አላገኘችም። ለመጨረሻውም ግጥሚያ አልደረሰችም። እንዲያውም ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለ31 ዓመታት ያህል ከውድድሩ ውጭ ሆና፥ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የ1954ቱ ድል በሠርግ ቀን ብቻ እንደሚለበስ ልብስ ከሣጥን እየወጣ ተመልሶ ይታጠፍ ነበር። ያን ቡድን የመሠረቱት ሰዎችም ተለያዩ። ከድሉ 10 ወር ያህል በኋላ፥ በኅዳር ወር 1955 ዓ.ም.፥ የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ ከዚያም ለ30 ዓመት ያህል ጦርነት ሆነ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ሆነች። በአንድ ቀን አንድ ማልያ ለብሰው የሮጡት ሰዎች የትውልድ ስፍራዎች በድንበር ተለያዩ። ሉቺያኖ ቫሳሎም አገሩን ጥሎ ወደ ጣልያን ሄዶ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፥ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያው ዐረፈ። «አሸነፍን» እያልን በየዓመቱ ስንፎክር፥ ዋንጫውን የተቀበለው ሰው በሰው አገር ማርጀቱን ስንቶቻችን አስበን ነበር?

አሁን ከአዲስ አበባ ወደ ከተማችን ልመለስ። ምክንያቱም እኔ ራሴ ያየሁት ድል የ1954ቱ ሳይሆን የፋሲል ከነማ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተውና በአፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው ይህ ቡድን፥ ደጋፊዎቹ «አፄዎቹ» የሚሉት፥ ለብዙ ዘመን በታችኛው ውድድር ቈይቶ በ2009 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ መጫወት ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ አገኘ፤ የፕሪሚየር ሊጉን ግን በአንድ ነጥብ ብቻ ተበልጦ ለመቀሌ 70 እንደርታ ለቀቀ። በ2012 ዓ.ም. ፋሲል በመሪነት ላይ ሳለ፥ በኮሮና በሽታ ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ግን በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት፥ በአምበሉ በያሬድ ባየህ ፊታውራሪነት፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ።

ያን ዓመት ያላወቀ ሰው ድሉን ሙሉ በሙሉ ሊረዳው አይችልም። በበሽታው ምክንያት ክለቦቹ በየከተማቸው አልተጫወቱም፤ ሁሉም ባንድነት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፥ ከጅማ ወደ ባሕር ዳር፥ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ፥ በመጨረሻም ወደ ሐዋሳ እየተዛወሩ ተጫወቱ። ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ አልተደረገም። ከእኛ ከተማ እስከ ሐዋሳ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ፋሲል ሻምፒዮን የሆነው ያለ ሜዳው፥ ያለ ሕዝቡ ጩኸት ነው። እኛ «አሸነፍን» ያልነው ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። ሌላም ነገር ነበረ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ስለ ተጀመረ፥ መቀሌ 70 እንደርታ፥ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በውድድሩ አልተገኙም። የተወዳደሩት 13 ክለቦች ብቻ ነበሩ።

ድሉ በተረጋገጠበት ሌሊት እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። የሠፈራችን ልጆች ሁሉ ወጣን። መኪናዎች ጡሩምባ ይነፋሉ፤ እናቶች እልል ይላሉ፤ ጎረምሶች ቀይና ነጭ ጨርቅ ያውለበልባሉ። አንድ ጎረምሳ በትከሻው ላይ አወጣኝ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኜ፥ ትልልቆቹ ሲሉት የሰማሁትን፥ በመቀሌ ቡድንና በሕዝቡ ላይ የተነገረ አንድ የስድብ ቃል በሙሉ ድምፄ ጮኽሁ። ሰዎች ሳቁ። እኔም በሳቃቸው ተደስቼ ደገምሁት።

በማግሥቱ ጧት አያቴ በደጃፋቸው ፀሐይ እየሞቁ ጠሩኝ።

«ልጄ፥ ትናንት ማታ ማንን አሸነፋችሁ?» አሉኝ።

«ሁሉንም» አልኋቸው።

«መቀሌን ስንት ለስንት አሸነፋችሁት?»

ዝም አልሁ። «አልተጫወቱም፥ አባባ» አልሁ በመጨረሻ።

«እንግዲያ ያልመጣውን ሰው ነው የሰደብኸው?» አሉ። «ለምን እንዳልመጣስ ታውቃለህ?»

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም አልተቈጡኝም። የዚያን ጊዜ ነው የሾፌሩንና የአባታቸውን ታሪክ ዳግመኛ የነገሩኝ። «አባቴ ጣልያንን የተዋጋ ሰው፥ ለጣልያን ልጅ ጠላ አስቀዳ» አሉ። «አንተ ማንንም ያልተዋጋህ፥ እቤቱ በጦር ተከቦ ያለውን ሰው ትሰድባለህ።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም። እኔም በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ስሄድ ከጓደኞቼ ጋር ስለ ድሉ ሳላወራ ዋልሁ።

ምናልባት ከአንባቢዎች አንዱ «ይህ ልጅ ደስታችንን ሊያበላሽ ነው የመጣው፤ ኳስ ኳስ ነው፤ ባለጋራን ማብሸቅ ደግሞ የደጋፊ ወግ ነው» ይል ይሆናል። እውነት አለው። እኔም ቡድኔ ሲያሸንፍ አንገቴን ደፍቼ እንድቀመጥ አልፈልግም። የፋሲል ተጫዋቾች ድል በላባቸው የተገኘ ነው፤ የሌሎች መቅረት የእነርሱ ጥፋት አይደለም፤ ዋንጫውም ሙሉ ዋንጫ ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ባለጋራ ከሌለ ጨዋታ የለም። ባለጋራን ማብሸቅና ባለጋራ እንዳይኖር መመኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2010 ዓ.ም. የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርሳቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ እስከ መደረግ ተደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ከተመልካች አፍ የወጣው ክፉ ቃል፥ ኋላ ከአፍ የከፋ ነገር ሲመጣ፥ ጥቂትም ቢሆን መንገድ አልጠረገለትም ብሎ ለመማል የሚደፍር ማን ነው?

ደግሞም ከ1954ቱ ባለጋሮቻችን የምንማረው አለ። በ1949 ዓ.ም. አራት ግብ ያገባብን ግብፃዊው አድ ዲባ በኋላ ዳኛ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ዳግመኛ በአዲስ አበባ ሲደረግ፥ ኮንጎ ጋናን 1 ለ0 ያሸነፈችበትን የመጨረሻ ግጥሚያ የዳኘው ይኸው ሰው ነው። አንድ ጊዜ ያሳዘነን ሰው በእኛው ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዞ ቆመ፤ በሰላም ዳኝቶ በሰላም ሄደ። ኮንፌዴሬሽኑን ከግብፅና ከሱዳን ጋር የመሠረትነው፥ ግብፅ ደጋግማ እያሸነፈችን፥ እኛም በመጨረሻ እያሸነፍናት ነው። ባለጋራና ወንድም አንድ ሰው ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስለዚህ ይህን ሁሉ ካነበብሁና ከጠየቅሁ በኋላ የደረስሁበት ሐሳብ ይህ ነው። «አሸነፍን» የሚለው ቃል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዕዳ ያለበት ቃል ነው። ይህን ቃል ለመናገር የሚፈልግ ደጋፊ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ያሸነፉለትን ሰዎች ስም ማወቅ አለበት፤ ስማቸውን ሳያውቅ በድላቸው የሚመካ ሰው የሌላውን እርሻ ሳያርስ እንደሚያጭድ ነው። ሁለተኛ፥ በካርቱምና በካይሮ እንደ ሆነው ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ «ተሸነፉ» ሳይሆን «ተሸነፍን» ለማለት መድፈር አለበት። ሦስተኛ፥ ደስ ባለው ቀን ዙሪያውን አይቶ የጎደለውን ሰው መቍጠር አለበት። የአያቴ አባት ይህን የመጨረሻውን አደረጉ። እኔ በዚያ ሌሊት አላደረግሁም።

ጽሑፌን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር ሦስቱ የትግራይ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመለሱ። ፋሲልና መቀሌ ዳግመኛ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ያን ጨዋታ ከአያቴ ጋር በቴሌቪዥን ተመለከትሁ። ዕድሜያቸው ገፍቶ ዐይናቸው ስለ ደከመ፥ ማን ማን እንደ ሆነ እየነገርሁ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው እርስ በርሳቸው ሲጨባበጡ «መጡ?» አሉኝ። «መጥተዋል፥ አባባ» አልኋቸው። «አሁን ጨዋታ ሆነ» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

እንግዲህ እኔ በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ስለምሰናበት፥ ከታች ላሉት ወንድሞቼና እኅቶቼ የምተወው ምክር አጭር ነው። በየቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ የሚያስታውሱትን ጻፉ፤ ስሞቹንም በትክክል መዝግቡ። ቡድናችሁ ሲያሸንፍ በሙሉ ድምፃችሁ እልል በሉ። ነገር ግን በጎረምሳ ትከሻ ላይ በወጣችሁ ጊዜ፥ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆናችሁ የምትናገሩትን ቃል አስቀድማችሁ በልባችሁ መርምሩት። እኔ ሳልመረምር የተናገርሁት ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ ይሰማኛልና።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፥ ለከተማችን ሰላም፥ ለቡድናችንም ዘወትር ብርቱ ባለጋራ እንዲሰጥልን እግዚአብሔርን እለምናለሁ።